ነርቩ የታከመ ጥርስ ሲሰነጠቅ

የጥርስ ሕመም ቀላል መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን የመላ ቤተሰብን እንቅልፍ የሚነሳ ችግር ነው። በተለይ እናቶች ልጆቻቸውን ለማሳከም ሲመላለሱ የራሳቸውን ሕመም «ነገ ይሻለኛል» እያሉ ያሳድሩታል። ነርቩ ወጥቶ፣ ሥሩ ታክሞና ተሞልቶ ያለቀለት ጥርስ እንደገና ሲያም ደግሞ «ይህስ ታክሟል» በማለት ጭራሽ ይዘነጋል።

የታከመ ጥርስ የሚሰነጠቀው ለምንድነው?

የታከመ ጥርስ የሚዳከመው በአብዛኛው አካሉ በመበስበስና በመቦርቦር ስለሚሳሳ ነው። ሥሩን ለመሙላት የሚደረገው ግፊትና በውስጡ የሚተከለው ብረትም ጫና ይፈጥራሉ። በዚህ ላይ ጠጣር ነገር ሲቆረጠም ሥሩ ከላይ እስከ ታች ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህም ሕክምናው ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊደርስ ይችላል።

ምልክቶቹ ሲያላምጡ የሚሰማ ድብን ያለ ሕመም፣ የድድ እብጠትና ድዱ ላይ ወጥታ መግል የምታፈስ ትንሽ ብጉር ናቸው። ነርቩ ስለሌለ ቀዝቃዛና ትኩስ ነገር አይሰማም፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋውም በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ የድድ በሽታና ያልተሳካ የሥር ሕክምናም ይህንኑ ምልክት ያሳያሉ። መለየቱ የሚያስፈልገው ሕክምናቸው ስለሚለያይ ነው። ያልተሳካው የሥር ሕክምና ሊደገም ሲችል፣ ሥሩ ቁልቁል የተሰነጠቀ ጥርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይነቀላል። ሥሩ ከአንድ በላይ ሲሆን አንዳንዴ የተሰነጠቀው ብቻ ተቆርጦ ይወጣል።

ራጅ ምን ያሳያል?

ቪልሄልም ሮንትገን የራጅን ጨረር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በ1896 መጀመሪያ ላይ ጀርመናዊው የጥርስ ሐኪም ኦቶ ቫልክሆፍ የገዛ ጥርሳቸውን ሲያነሱ 25 ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል። ዛሬ ግን ሥራው ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል።

ሆኖም ተራው ራጅ ጠፍጣፋ ጥላ ነው። በጣውላ በር ስንጥቅ ወደ ውስጥ ማየት የሚቻለው ዓይን ከስንጥቁ ትይዩ ሲሆን ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ ጨረሩም በስንጥቁ አቅጣጫ ካላለፈ ስንጥቁ አይታይም። ስለዚህ ሐኪሙ ከተለያየ አቅጣጫ ሁለት ወይም ሦስት ራጅ ሊያነሳ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስንጥቁ ራሱ ሳይሆን በሥሩ ዙሪያ የተበላው አጥንት ነው፤ ይኸውም የሥሩን ጎን ተከትሎ ጫፉን የሚዞር፣ የከዘራ ቅርጽ ያለው ጥቁር ጥላ ነው።

ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በጭንቅላት ዙሪያ እየዞረ ብዙ ምስሎችን የሚያነሳ መሣሪያ ሥራ ላይ ውሏል። ኮምፒዩተሩ ምስሎቹን አቀናጅቶ ጥርሱን በየአቅጣጫው ቆራርጦ እንደማየት ያሳያል። ይሁንና ይህም ፍጹም አይደለም። በሥሩ ውስጥ ያለው ብረትና መሙያ በምስሉ ላይ ጭረት ስለሚፈጥር ጤነኛውን የተሰነጠቀ ሊያስመስል፣ እውነተኛውንም ስንጥቅ ሊሸፍን ይችላል። በጣም ቀጭን ስንጥቅም ሊያመልጥ ይችላል። ጨረሩም ከተራው የጥርስ ራጅ ስለሚበዛ ተራው ሳይበቃ ሲቀር ብቻ መታዘዝ ይኖርበታል።

ስለሆነም ሐኪሙ ድዱን በቀጭን መለኪያ ይመረምራል። በአንድ ቦታ ብቻ ጠበብ ብሎ በጣም የጠለቀ ክፍተት ካገኘ ስንጥቅን ይጠረጥራል። አስፈላጊ ሲሆንም አደንዝዞ ድዱን በመክፈት ሥሩን በዓይኑ ያያል። በአንድ ምስል ብቻ ተመርኩዞ ጥርስ መንቀል አይገባም። ነገር ግን ስንጥቁ ከተረጋገጠ በኋላ ማቆየትም ይጎዳል፤ መግሉ አጥንቱን እየበላ ስለሚሄድ ኋላ ምትክ ጥርስ ለመትከል ያስቸግራል።

ምን ማድረግ ይገባል?

1ኛ/ የታከመ የመንጋጋ ጥርስ ክራውን የሚባለው ሽፋን ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅና ሳያዘገዩ ማሠራት።

2ኛ/ በታከመ ጥርስ አጥንትና ጠጣር ቆሎ አለመቆርጠም፤ በማንኛውም ጥርስ የጠርሙስ ቆርኪ አለመክፈት።

3ኛ/ የድሮውን ራጅ አለመጣል። ሐኪሙ ከአዲሱ ጋር ሲያስተያየው የአጥንቱን ለውጥ ይረዳል።

4ኛ/ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ራጅ ከመነሳቷ በፊት ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር።

5ኛ/ ድድ ላይ የወጣች ብጉር ፈርጣ ሕመሙ ቢቀልም «ዳነ» ብሎ አለመተው። የቀለለው መግሉ መውጫ ስላገኘ እንጂ ችግሩ ስለተወገደ አይደለምና በቶሎ መመርመር ይገባል።