ሳተላይቱ አያየንም

በቅርቡ ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ሰማይ ያለፈ አንድ አውሮፕላን በቴክ ሎጉ (በቴክኒክ መዝገቡ) ላይ «ሁለቱም ጂፒኤሶች በበረራ ላይ ሥራ አቁመዋል» የሚል ሪፖርት ይዞ መጣ። አብራሪዎቹ ከሥሩ ሁለት መስመር ጨምረዋል፦ የኮክፒቱ ሰዓት በሰዓታት ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር፤ ከ30,000 ጫማ በላይ እየበረሩ ሳለም የመሬት ቅርበት ማስጠንቀቂያው «ፑል አፕ» እያለ ጮኾባቸዋል። የሌሊቱ የጥገና ፈረቃ ሁለቱንም የጂፒኤስ ሪሲቨሮች ነቅሎ ሌላ ተካ። የተነቀሉት ዎርክሾፕ ገብተው ተፈተሹና «ብልሽት አልተገኘም» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ተመለሱ። አውሮፕላኑ ያንኑ መስመር ሲደግም ያው ሪፖርት ተደገመ።

ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። መልሱ እኮ በእነዚያ ሁለት መስመሮች ውስጥ ተጽፎ ነበር! የተበላሸ ሪሲቨር አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ለየብቻቸው የተገጠሙ ሁለት ሪሲቨሮች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ደቂቃ፣ ያንኑ የተሳሳተ ሰዓት ከተናገሩ ግን ያን ሰዓት የነገራቸው አለ ማለት ነው። ምክንያቱ ከአውሮፕላኑ ውጭ ነው፤ ሳጥን በመቀየር አይጠፋም።

ፈረቃው ላይ የነበሩት ልጆች ሰነፎች አይደሉም። ያሳሳታቸው አገሩን ሁሉ የያዘ አንድ እምነት ነው፦ አውሮፕላንንም ሚሳይልንም የሚመራው ሳተላይት ነው የሚለው። ሠርግ ላይም ለቅሶ ቤትም ሥራዬን የሰማ ሰው የሚጠይቀኝ ይኸንኑ ነው፤ «ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ እያያችሁ አይደል የምትሄዱት?» ስለ ጦርነት በሚወራ ዜና ውስጥ ሚሳይሉ ሁሉ «በሳተላይት የሚመራ» ይሆናል። በምሕንድስና ተመርቀው የሚመጡ ሠልጣኞች ሳይቀሩ ሰሌዳ ላይ ሳተላይትና አውሮፕላን ሥለው በመካከላቸው ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት ያሰምራሉ። የዚያን ቀስት አንዱን ጫፍ ስሰርዝ ዓመታት አለፉ።

የጂፒኤስ ሳተላይት አውሮፕላኑን አያይም፣ አይሰማም፣ አይመራም። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ እየዞረ፣ አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነና እሱ ራሱ የት እንዳለ ሲናገር ይውላል። ሰዓት እንደሚያሰማ የሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ጣቢያው ማን ሬዲዮውን እንደከፈተ አያውቅም። ስሌቱን በሙሉ የሚሠራው ታች ያለው ሪሲቨር ነው። ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የመጣውን ሰዓት ያነጻጽርና ከእያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላል፤ ከዚያ ቦታውን ያገኛል። ሲግናሉ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ አንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስሕተት 300 ሜትር ያሳስታል። የአንስታይን ቲዎሪ እንደሚለው የሳተላይቶቹ ሰዓት ከምድሩ ሰዓት በቀን በ38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይፈጥናል፤ ይህ ባይታረም የርቀቱ ስሕተት በአንድ ቀን ውስጥ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርስ ነበር። ጂፒኤስ ከሥር መሠረቱ የሰዓት ሥርዓት ነው። ሰዓቱን ያዛባ ሁሉ ቦታውን አዛብቷል።

ለማዛባት ደግሞ ከባድ አይደለም። ያን ያህል መንገድ ተጉዞ አንቴናው ላይ የሚደርሰው ሲግናል ከሪሲቨሩ ከራሱ የኤሌክትሮኒክስ ጩኸት ያነሰ ነው። ምድር ላይ የተተከለ አነስተኛ ማሰራጫ ይውጠዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ እውነተኛውን የሚመስል ሐሰተኛ ሲግናል መላክ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ብዙ አውሮፕላኖች በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ላይ እየበረሩ መሣሪያቸው «ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ነን» ብሏቸዋል። ከቤይሩት የምትመጣ እህቱን በስልኩ ካርታ ላይ የሚከታተል ሰው ነጥቧ ድንገት ዘላ ስትሄድ ቢያይ መደንገጡ አይቀርም። ያቺን ነጥብ የሚልካት ግን አውሮፕላኑ ራሱ ነው። «እዚህ ነኝ» ብሎ በሬዲዮ የሚያሰራጨው ጂፒኤሱ የነገረውን ስለሆነ፣ ከተታለለ የተታለለውን ለዓለም ሁሉ ያሰማል።

ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ቃል ጠቅልለን «ጂፒኤስ» ስንል ነው። አንደኛው ሥራ አሁን የት እንዳሉ፣ በምን ፍጥነትና ወዴት ዞረው እንደሚሄዱ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ካሉበት ተነሥቶ ወደ ተፈለገው ቦታ የሚያደርሰውን መንገድ መወሰን ነው። ሦስተኛው ክንፉን፣ መሪውን፣ ሞተሩን አዝዞ አውሮፕላኑ ወይም ሚሳይሉ ያን መንገድ እንዲይዝ ማድረግ ነው። አንዱ ፍጹም ሆኖ ሌላው ሊወድቅ ይችላል።

ለዚህ የኮሪያ አየር መንገድ በረራ 007 በቂ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 ከአንኮሬጅ ወደ ሴኡል ሲበር የነበረው ቦይንግ 747 በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከመስመሩ ወጥቶ የሶቪየት ኅብረት የአየር ክልል ውስጥ ገባ፤ ተዋጊ ጀት መትቶት 269 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ከውጭ ምንም ሳይሰሙ ቦታውን የሚያሰሉ ሦስት የኢነርሺያል ናቪጌሽን መሣሪያዎች ነበሩት። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ምርመራ የደረሰበት ነገር አውቶፓይለቱ እነሱን ሳይከተል በአንድ ቋሚ የኮምፓስ አቅጣጫ ብቻ መብረሩን ነው። የት እንዳለ የሚያውቅ መሣሪያ ነበር፤ መሪውን የያዘው አልሰማውም። ከዚያ አደጋ በኋላ ፕሬዚዳንት ሬገን ጂፒኤስ ሥራው ሲጠናቀቅ ለሲቪሎች በነጻ እንደሚከፈት አስታወቁ፤ ውሳኔው መልካም ነበር። ሰው ግን ከታሪኩ የያዘው «ጂፒኤስ ቢኖር ኖሮ ይተርፉ ነበር» የሚለውን ነው። ከኢነርሺያሉ ጋር ያልተገናኘ አውቶፓይለት ከጂፒኤሱስ ጋር በምን ይገናኝ ነበር?

ኢነርሺያል ስል ወጣቶቹ ያለፈበት ነገር ይመስላቸዋል። ዛሬም የአውሮፕላኑ የጀርባ አጥንት እሱ ነው። ከበረራ በፊት ማብሪያውን ወደ «ናቭ» ሲያዞሩት አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ የለበትም። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች መዞርን የሚለኩት ጋይሮስኮፖች የምድርን ዙረት፣ በሰዓት 15 ዲግሪ የሚሆነውን፣ ይለካሉ፤ መገፋትን የሚለኩት አክስለሮሜትሮች ስበት ወዴት እንደሚጎትት ይለያሉ። ከእነዚህ ከሁለቱ ብቻ ሰሜን ወዴት እንደሆነ ያለ ኮምፓስ ይገኛል። ቦሌ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ይህ ሥራ ወደ ዋልታው ከተጠጉ ከተሞች ይልቅ ፈጥኖ ያልቃል። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ መሣሪያው እያንዳንዱን መገፋትና መዞር እየደመረ ቦታውን ያሰላል። ከውጭ የሚሰማው ነገር ስለሌለ በሲግናል አይታለልም። ድክመቱ በሰዓት እስከ አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እየሳተ መሄዱ ነው። ጂፒኤስ የተቀጠረው ያንን መሳት ለማረም ነው።

ሚሳይልም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ቪ-2 ለንደን ላይ የወደቀው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1944 ነው፤ የመጀመሪያው ሳተላይት ስፑትኒክ ሰማይ የወጣው በ1957። ቪ-2ን ቀጥ አድርገው የያዙት ጋይሮስኮፖች ነበሩ፤ በብዙዎቹም የተፈለገው ፍጥነት ሲደርስ ሞተሩን የሚያጠፋው አክስለሮሜትር ነበር። የሚመራው ሞተሩ በሚነድበት አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረውን መንገድ ስበት ይወስደዋል። ናውቲለስ የተባለው ባሕር ሰርጓጅ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1958 በሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር ያለፈው ናቫሆ ለተባለ ሚሳይል ከተሠራ የኢነርሺያል መሣሪያ በተወሰደ ናቪጌሽን ነው። ዛሬ ጂፒኤስ የተጨመረባቸው ሚሳይሎች አሉ፤ በእነሱም ውስጥ ቢሆን ሥራው ኢነርሺያሉን ማረም ነው።

አውሮፕላን አሳድዶ የሚመታው ሚሳይል ደግሞ በመጨረሻው ምዕራፍ ምድር ላይ የት እንዳለ ማወቅ እንኳ አያስፈልገውም። አፍንጫው ላይ ያለው ሴንሰር ወደ ዒላማው የሚያየው መስመር በምን ፍጥነት እየዞረ እንደሆነ ይለካል። ሚሳይሉ አቅጣጫውን ከዚያ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ አድርጎ ያዞራል። መስመሩ መዞሩን ካቆመና ርቀቱ እየጠበበ ከሄደ ግጭት የማይቀር ነው። መርከበኞች ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ የምትታይበት አቅጣጫ ሳይለወጥ እየቀረበች የምትመጣ መርከብ የምትጋጭህ ናት። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያለ ካርታና ያለ ሳተላይት ነው።

እንግዲህ የምንጠብቀው መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን የሚነገረውንም ነው። ኢነርሺያል መሣሪያ ኬክሮሱን ከምድር ዙረት ሊገምት ይችላል፤ ኬንትሮሱን ግን ሰው ካልነገረው ከየት ያመጣዋል? እ.ኤ.አ. በማርች 2015 ሲድኒ ላይ የኤርኤዥያ ኤክስ አብራሪ 151 ዲግሪ ማስገባት ሲገባው 15 ዲግሪ አስገባ። አውሮፕላኑ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ መሰለው፤ ኳላ ሉምፑር መሄዱ ቀርቶ ሜልበርን አረፈ። መሣሪያው ጤነኛ ነበር። በዳህራን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 ፓትሪዮት የተባለው የፀረ ሚሳይል ባትሪ 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ሠርቶ ነበር። ኮምፒውተሩ የሰከንድ አንድ አሥረኛን በትክክል መጻፍ ስለማይችል ጥቃቅኑ ጉድለት ተጠራቅሞ 0.34 ሰከንድ ሆነ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስከድ ሚሳይል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ራዳሩ የተሳሳተ ቦታ ፈለገው። ስከዱ ሳይከለከል ወድቆ 28 ወታደሮች ሞቱ። የታረመው ሶፍትዌር የደረሰው በማግሥቱ ነው።

እኛም የዚህን ዋጋ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019 ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ያለቁበት አውሮፕላን በአንድ ሴንሰር የተሳሳተ ንባብ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ይደፋ ነበር። ትእዛዙ በታማኝነት ተፈጽሟል፤ ትእዛዙ የተመሠረተበት መረጃ ውሸት ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ሙያውን የያዘ ሰው «መሣሪያው እንዲህ ብሏል» በሚል መልስ ሊረካ አይገባም። መሣሪያው ማን ነግሮት ነው እንዲህ ያለው? ሌላ ምስክር አለ ወይ?

ስለዚህ ለአብራሪዎች የምለው ይህ ነው፤ ሪፖርት ስትጽፉ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፉልን፣ አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም የሚለውን ለዩልን፣ የኮክፒቱን ሰዓት አትርሱ። ለመምህራን፦ ከጂፒኤስ በፊት ጋይሮስኮፕን አስተምሩ፤ ሦስቱን ሥራዎች ለያይቶ መናገር የማይችል ተማሪ አታሳልፉ። ለፈረቃ ባልደረቦቼ፦ ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ። ሁለቱም አብረው ከሳቱ በረራው በየት እንዳለፈ ጠይቁ፣ ኃይሉን አጥፍታችሁ አብሩት፣ ምድር ላይ ንጹሕ ሲግናል እንዲይዝ ጊዜ ስጡት፣ ቦታውን ከኢነርሺያሉ ጋር አስተያዩ። ሁለቱ ከተስማሙ ሪሲቨሩ ባለበት ይቆይ።