ትንሿ የሪሞት መኪና ለውድድር እንዴት ትዘጋጃለች?

ባለፈው ተርም ለሳይንስ ክበባችን ሚኒ ዚ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የሪሞት መኪኖች በእርዳታ መድረሳቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ያልሰማ ካለም ከሰዓት በኋላ በሪሶርስ ሴንተሩ በር ላይ የሚሰለፈውን ተማሪ አይቶ ምን ተገኘ ብሎ ሳይጠይቅ አይቀርም። መኪኖቹ ሁለት ናቸው፣ መንዳት የሚፈልገው ግን ከሠላሳ በላይ ነው። እዚህ ካኩማ ደግሞ ለእነዚህ መኪኖች መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ አንዲት ጥርስ ከተሰበረች አንዷ መኪና ለወራት ቆመች ማለት ነው።

ተማሪዎቻችን በብዛት የሚጠይቁን «ቲቸር፣ ፍጥነቷን እንዴት እንጨምር?» እያሉ ነው። መልሳችን ብዙዎቹን አላስደሰተም፦ ለጀማሪ ፍጥነቷን ቀንሱላት። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ውድድሩ 5 ደቂቃ ማለትም 300 ሴኮንድ ነው እንበል። አንዲት ተማሪ ዝግ ባለች መኪና ሳትጋጭ አንዱን ዙር በ12 ሴኮንድ ብትጨርስ 25 ዙር ትሄዳለች። ሌላው በፈጣን መኪና በ10 ሴኮንድ ይዞራል፤ ነገር ግን በየሁለት ዙሩ አንዴ ግድግዳ እየመታ 6 ሴኮንድ ቢያባክን አማካዩ 13 ሴኮንድ ይሆንና 23 ዙር ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ ግድግዳውን የመታችው መኪና የሁላችንም ናት። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ መኪናዋ የታዘዘችውን ብቻ እንድትሠራ ለማድረግ ነው።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ጥቂት እንበል። ሚኒ ዚን የሚሠራው ኪዮሾ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን ለገበያ ያወጣትም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መጠኗ ከእውነተኛው መኪና 1/28ኛ ነው፤ 4 ሜትር ተኩል የሆነ አውቶሞቢል 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አራት ቀጫጭን የሪሞት ባትሪዎች ትጎርሳለች፣ የእኛዎቹ ሞተር ከኋላ ሆኖ የኋላ ጎማዎችን ያዞራል። የተሠራችው ቤት ውስጥ፣ በምንጣፍ ወይም በስፖንጅ መሰል ንጣፍ ላይ ለመወዳደር ስለሆነ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። አሸዋችን ላይ ብትለቋት ገና ሳትርቅ አሸዋው ጥርሶቿ መሀል ይገባል። ስለዚህ የምንነዳት ሲሚንቶ ወለል ባለው ክፍል ብቻ ነው፤ ወለሉ ይጠረጋል፣ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። መወልወሉ የሚሰለቸው ተማሪ ተራው ይለፈው ብለን ተስማምተናል።

ወደ ባትሪ እንምጣ። ተራው ባትሪ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ስለሆነ አራቱ 6 ቮልት ይሰጣሉ። ቻርጅ የሚደረገው የኒኬል ባትሪ 1.2 ቮልት ነው፤ አራቱ 4.8 ይሆናሉ። እኛ ለሁሉም ሁለተኛውን መርጠናል፤ ደጋግሞ ይሠራል፣ ለጀማሪም የሚበቃ ኃይል አለው። 800 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ400 ሚሊ አምፔር ቻርጅ ቢደረግ በስሌት 2 ሰዓት ይፈጅበታል፣ ከኃይሉ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ስለሚባክን ግን ትንሽ ይጨምራል። ሶላሩ የሚሠራው ቀን ስለሆነ ጠዋት ያልተሰካ ባትሪ ለከሰዓቱ አይደርስም። አራቱ ባትሪዎች ምንጊዜም አብረው ይኑሩ፤ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ጻፉ። ደካማው ከጠንካሮቹ ጋር ሲገባ ቀድሞ ያልቅና ሌሎቹ በግድ ኃይል ስለሚያሳልፉበት ይበላሻል።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርገን የምንናገረው አንድ ነገር አለ። ተለቅ ያሉ የሪሞት መኪኖች የሚጠቀሙት ጠፍጣፋ የሊቲየም ባትሪ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዲህ ያለ መኪና ቢልክላችሁ ባትሪውን እቤት ቻርጅ አታድርጉ፣ በተለይ ማታ ሰው ተኝቶ። የሊቲየም ባትሪ ሲወጋ፣ ሲያብጥ ወይም በማይሆነው ቻርጀር ሲሞላ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቤቶቻችን ሸራና እንጨት ናቸው፣ የአንዱ ጣሪያ ከሌላው ጋር ይነካካል። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ አትጫኑት፣ አትብሱት፤ ሜዳ ላይ ከሚቃጠል ነገር አርቃችሁ አስቀምጡና ጥሩን።

አሁን መኪናዋን እናስነሳ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ ቀጥሎ መኪናዋ። ሲዘጋ ግን መኪናዋ ትቀድማለች። መኪናዋ በርታ ሪሞቱ ከጠፋ ትእዛዝ የሚሰጣት የለምና ምን እንደምታደርግ አይታወቅም። ከዚያም የመሪውን ማስተካከያ ቁልፍ መሀል ላይ አድርጉና መሪውን ሳትነኩ 5 ሜትር ያህል ቀስ ብላ እንድትሄድ አድርጉ። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከሳበች ወዲያው ቁልፉን ለማዞር አትቸኩሉ። ገልብጣችሁ እዩዋት። ብዙ ጊዜ በጎማው ዘንግ ላይ ፀጉር ወይም ክር ተጠምጥሞ ይገኛል፤ በመርፌ ጫፍ ይወጣል። አራቱንም ጎማዎች በጣት አዙሩ። የፊቶቹን ሞላዎች ተጫኑ፤ ሁለቱም እኩል ወርደው እኩል መመለስ አለባቸው። የጎማው ብሎን ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጎማው ይታሰራል፣ ስለዚህ በቀላሉ እስኪዞር ላላ አድርጉት። ይህ ሁሉ ታይቶ አሁንም የምትስብ ከሆነ ያኔ ቁልፉን አዙሩ። የታሰረን ጎማ በሪሞት ለማቃናት መሞከር ቁስል ሳያጥቡ በፋሻ እንደ መጠቅለል ነው።

ቀጥሎ ጎማ ነው፤ ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣውም እሱ ነው። የሚኒ ዚ ጎማዎች በቁጥር ይለያሉ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ለስላሳ ነው፣ ለስላሳው ደግሞ መሬት ይቆነጥጣል። ለጀማሪ የኋላው ለስላሳ፣ የፊቱ ጠንከር ያለ ይሁን። ለምን ቢባል፣ የኋላ ጎማ ሲያንሸራትት መኪናዋ እንደ እንዝርት ትሽከረከራለች፣ ልምድ የሌለው ነጂም ሊመልሳት አይችልም። የፊቱ ሲያንሸራትት ግን ኩርባውን ሰፋ አድርጋ ትዞራለች፣ ፍጥነት ስትቀንሱላት ወደ መስመሯ ትመለሳለች። የኛ ሲሚንቶ ተወልውሎም ቢሆን አቧራ አያጣም፤ ስለዚህ በየውድድሩ መሀል ጎማዎቹን በፕላስተር ሙጫ ላይ አንከባሉ፣ አቧራውን ይለቅመዋል። ይህን በነጻ የሚገኝ ፍጥነት በሉት።

ሪሞቱ የመሪውን ስፋት የሚቀንስ ቁልፍ ካለው ቀንሱት። ልኩ ቀላል ነው፦ በጣም ጠባቡን ኩርባ ለመዞር የሚበቃ ብቻ። ጀማሪ ሲደነግጥ መሪውን እስከ ጫፍ ነው የሚያዞረው።

ጥርስን በተመለከተ የሒሳብ መምህራን ለክፍላችሁ ልትወስዱት ትችላላችሁ። በሞተሩ ላይ ያለችው ትንሿ ጥርስ ከ6 እስከ 9 ጥርስ ያላት ስትሆን፣ የኋላው ትልቁ 44 ጥርስ አለው። 44 ለ6 ሲካፈል 7.3 ገደማ ነው፤ ሞተሩ ሰባት ጊዜ ከሲሶ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ባለ 9 ብታስገቡ 4.9 ገደማ ይሆናል። ባለ 9 በረጅም ቀጥታ መንገድ ትሮጣለች፣ ሞተሩን ግን ታግለዋለች፣ ታግለዋለች ማለት ታሞቀዋለች፣ ባትሪም ትጨርሳለች። የኛ ክፍል ርዝመቱ 8 ሜትር ነው፤ ባለ 9 ጥርስ ሙሉ ፍጥነቷ ላይ ሳትደርስ ግድግዳው ይደርሳል። ባለ 6 ወይም ባለ 7 ይበቃል። ጥርስ ስትቀይሩ ሁለቱ ሳይላቀቁም ሳይጨናነቁም መያያዛቸውን በጣት አዙራችሁ አረጋግጡ።

ብዙዎች ሌላ ሞተር ቢገዛ ይላሉ። ገንዘብ ቢገኝ እኛ የምናስቀድመው ኩሺኔታ ነው። ጎማው ያለ ትግል ሲዞር ያው ሞተር የበለጠ ይሠራል። ኩሺኔታ ላይ የሚገባው አንዲት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ነው። እባካችሁ የራሽን ዘይት አታፍስሱበት፤ አቧራ ይዞ እንደ ሙጫ ይደርቃል፣ ለወጥም ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ደብተር ይያዝ። በአንድ ጊዜ የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ጎማም ጥርስም አንድ ላይ ቀይራችሁ መኪናዋ ብትሻሻል የትኛው እንደረዳት አታውቁም፤ እንዲያውም አንዱ ረድቷት ሌላው ጎድቷት ሊሆን ይችላል። ቀን፣ ጎማ፣ ጥርስና የባትሪ ቁጥር ጻፉ፣ ከዚያም የተከታታይ አምስት ዙር ሰዓት መዝግቡ። ከአምስቱ ፈጣኗን ብቻ መርጦ መጻፍ አይፈቀድም። አምስቱ የሚቀራረቡ ከሆነ መኪናዋ ተስማምታለች፤ 11፣ 15፣ 10፣ 19፣ 12 ከሆነ ግን ገና ናት፣ ፈጣኗ 10 ብትሆንም።

የመወዳደሪያውን መስመር በአሮጌ የውኃ ጎማ እየከለልን፣ ስፋቱን ከ60 ሴንቲ ሜትር ሳናሳንስ፣ አንድ ረዘም ያለ ቀጥታና የግራም የቀኝም ኩርባ እንዲኖረው እናደርጋለን። የእንጨት ጠርዝ ከሆነ ሚስማሩ ወደ ውስጥ እንዳይወጣ እዩ።

ሁለት ነጂዎች ለ5 ደቂቃ ሲነዱ ተረኞቹ ሁለቱ በኩርባዎቹ ላይ ይቆማሉ፤ የተገለበጠች መኪና የሚያነሡት እነሱ ናቸው። ነጂው ከቦታው አይንቀሳቀስም። አንሺው እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ነጂው ጣቱን ከነዳጁ ላይ ያንሳ፤ የሚሽከረከር ጥርስ መጠኑ ቢያንስም የልጅ ጣት ሊጎዳ ይችላል። የጨረሱት ሁለቱ ወዲያው ወደ ኩርባው ይሄዳሉ፣ ቀጣዮቹ ሪሞቱን ይረከባሉ። በዚህ አኳኋን በአንድ ሰዓት ከሃያ ያላነሱ ተማሪዎች ይደርሳቸዋል፣ የባትሪ መቀየሪያውን ጨምሮ።