የኔትወርክ ካርድ አልሠራ ሲል፦ በሊኑክስ ላይ ብልሽትን ፈልጎ ማግኘት

እንደሚታወቀው አንድ ኮምፒዩተር ከሌሎች ጋር መረጃ የሚለዋወጠው በኔትወርክ ካርዱ አማካይነት ነው። በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ላይ አዲስ ካርድ ስንተክል አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ይሠራል፤ አልሠራ ባለ ጊዜ ግን ብዙዎቻችን ጥፋቱን ወዲያው ድራይቨር በሚባለው ፕሮግራም ላይ እናላክካለን። ይህ ችኮላ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያባክን በራሳችን ደርሶ አይተነዋል።

ከዓመታት በፊት በቤተ ሙከራችን ስምንት ኮምፒዩተሮችን አስተሳስረን እንደ አንድ ማሽን ስሌት እናሠራቸው ነበር። ሐሳቡ የእኛ አይደለም፤ ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1994 በናሳ ጎዳርድ ማዕከል 16 ተራ ኮምፒዩተሮችን በኤተርኔት አገናኝተው ቤዎልፍ የተባለውን ማሽን ሠርተዋል። ቤከር ለሊኑክስ የበርካታ ኔትወርክ ካርዶችን ድራይቨር የጻፈ ሰው መሆኑንም እግረ መንገዳችንን እንጠቅሳለን። በአንድ የክረምት ቀን የመሪው ኮምፒዩተር ካርድ ተቃጠለ። በስሌቱ ላይ የተመሠረተ የማስተርስ ጥናት የያዘ ተማሪያችን ለማስረከብ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር። ተመሳሳይ ሞዴል ካርድ ተክለን ኮምፒዩተሩን ብናስነሣው ኔትወርኩ የለም። ድራይቨሩን ከምንጭ ኮዱ ደጋግመን በማዘጋጀት ሦስት ቀን አሳለፍን። ጥፋቱ ግን እዚያ አልነበረም።

ለመሆኑ ሥርዓተ ክወናው አንድን ካርድ እንዴት ያውቀዋል? በፒሲአይ ማስገቢያ ላይ የሚሰካ ካርድ ሁሉ ሁለት ባለ 16 ቢት ቁጥሮችን ይዟል፤ አንዱ አምራቹን፣ ሌላው መሣሪያውን ይገልጻል። ለምሳሌ በአሮጌ ኮምፒዩተሮች በብዛት የሚገኘው የሪልቴክ 8139 ካርድ ቁጥሮች፣ በአሥራ ስድስት መደብ ሲጻፉ፣ 10ኢሲ እና 8139 ናቸው። እያንዳንዱ ድራይቨር ደግሞ የሚያውቃቸውን ቁጥሮች የያዘ ሠንጠረዥ አለው። ቁጥሮቹ ሲገጣጠሙ ካርዱና ድራይቨሩ ይገናኛሉ። በካርቶኑ ላይ የታተመው የንግድ ስም በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም ድርሻ የለውም፤ አምራቹ ስሙን ሳይለውጥ በውስጡ ያለውን ቺፕ ሊለውጥ ይችላልና።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ድራይቨሩን አይመለከትም። ኤልኤስፒሲአይ የተባለው ትዕዛዝ የሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ካርዱ አለ ወይስ የለም? ከሌለ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ካርዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት ወይም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር እንጂ ድራይቨር ፍለጋ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። ካርዱ ኖሮ ድራይቨር ካልያዘው፣ የከርነሉ እትም ከካርዱ በፊት የወጣ ሊሆን ይችላል። ድራይቨሩ ይዞት ካልሠራ ደግሞ፣ በተለይ በገመድ አልባ ካርዶች ላይ፣ በራሱ በካርዱ ላይ የሚጫነው ፈርምዌር ጎድሎ ይሆናል። ይህን ሁሉ ከርነሉ በመልእክት መዝገቡ ላይ ይጽፈዋል፤ መዝገቡን የሚያሳየው ትዕዛዝ ዲመሴጅ ይባላል።

ገመዱንም አንርሳ። የኤተርኔት ካርድ ሥራ በፈታበት ጊዜ እንኳ በየ16 ሚሊሰከንዱ ገደማ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ወደ ገመዱ ይልካል፤ የአገናኝ መብራቱ የሚበራው በሁለቱ ጫፎች ያሉ መሣሪያዎች ሲሰማሙ ነው። ተማሪዎች ግን መብራቱን ሳያዩ 127.0.0.1 ወደሚለው አድራሻ ፒንግ ልከው መልስ ሲያገኙ "ካርዱ ደኅና ነው" ይሉናል። ያ መልእክት ካርዱ ጋ ፈጽሞ አይደርስም፤ እዚያው በከርነሉ ውስጥ ተመላልሶ ይቀራል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ፤ ድራይቨሩ ይዞታል፤ መብራቱም በርቷል። የዚያን ዘመን ሊኑክስ የእያንዳንዱን ካርድ ባለ 48 ቢት አድራሻ ከስሙ ጋር በአንድ ፋይል ይመዘግብ ነበር። ኢቲኤች0 የሚለው ስም ለተቃጠለው ካርድ ተይዞ ስለቆየ አዲሱ ኢቲኤች1 ተባለ፤ የእኛ የአድራሻ ቅንብር ግን ኢቲኤች0ን ይጠብቃል። ስሙ መለወጡን የሚናገረው መስመር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመልእክት መዝገቡ ላይ ተጽፎ ኖሯል፤ አላነበብነውም። የአሮጌውን ካርድ መስመር ከፋይሉ ሰርዘን ኮምፒዩተሩን ስናስነሣ ኔትወርኩ ሠራ። ተማሪው ጥናቱን በቀኑ ቢያስረክብም ካቀዳቸው ስሌቶች አንዱን ሳያካሂድ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. ከ2013 በኋላ በብዙ የሊኑክስ ሥርጭቶች የካርድ ስም ከተሰካበት ቦታ የሚወሰድ ሆኗል፤ ኢኤንፒ3ኤስ0 ማለት በፒሲአይ መስመር 3፣ ማስገቢያ 0 ላይ ያለ ካርድ ማለት ነው። በዚህ አሠራር የተቃጠለን ካርድ በዚያው ቦታ በሌላ መተካት ስሙን አይለውጠውም። ካርዱን ወደ ሌላ ማስገቢያ ካዛወርነው ግን ስሙ ይለወጣል፤ ቅንብሩም አብሮ መታረም ይኖርበታል።