የምጣዱ ሽቦ ለምን ይበጠሳል?

ቅዳሜ ጠዋት ሊጡ ኩፍ ብሎ ምጣዳችን አልሞቅ አለ። የሠፈራችን ምጣድ አዳሽ ገልብጠው ፈቱትና የተበጠሰውን ሬዚስታንስ መዝዘው ሰጡኝ። «ይኸው፣ ተበልቷል» አሉኝ። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው አረንጓዴ ቀመስ ጥቁር ቅርፊት እየተፈረፈረ መዳፌ ላይ ቀረ።

ጉዳዩ ያለው እዚህ ቅርፊት ላይ ነው። ሬዚስታንሱ የሚሠራበት ኒክሮም የሚባለው ሽቦ በተለመደው ቅይጡ 80 በመቶ ኒኬል፣ 20 በመቶ ክሮሚየም ነው። ሲግል ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ስስ ሽፋን ያለብሰዋል፤ ሽፋኑ እስካለ ውስጡ ደህና ነው። ጣጣው የሚመጣው ምጣዱን ስናጠፋ ነው። ሽቦው ሲቀዘቅዝ ከሽፋኑ በእጥፍ ገደማ ስለሚኮማተር ሽፋኑ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። በሚቀጥለው ጋገራ ሌላ ክሮሚየም አውጥቶ እንደገና ይለብሳል። እንዲህ እየለበሰ እያወለቀ ክሮሚየሙ ያልቃል፣ ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ይቀጥናል፣ የቀጠነው ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይግላል፤ ከዚያማ የቀናት ጉዳይ ነው።

መላ ግን አልታጣለትም። እ.ኤ.አ. በ1937 ሊዮናርድ ፋይል የተባለ ሰው በእንግሊዝ ያስመዘገበው ፓተንት እንደ ሴሪየም ያሉ ብርቅዬ የአፈር ብረቶች ጠብ ሲደረጉበት እንዲህ ያለው ቅይጥ ሙቀትን እጅግ እንደሚቋቋም አሳየ። (ብርቅዬ መባላቸው ስም ብቻ ነው፤ ሴሪየም በመሬት ቅርፊት ውስጥ የመዳብን ያህል አለ።) ምክንያቱ የተብራራው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ብረት ውስጥ ከሚሊዮን አሥር ሃያ እጅ የሚሆን ሰልፈር አይጠፋም። ሲግል ሾልኮ ወጥቶ በብረቱና በሽፋኑ መካከል ይሰፍርና መያያዣቸውን ያላላል። ሴሪየምና መሰሉ ኢትሪየም ሰልፈሩን ውስጥ አስረው ያስቀሩታል። ሽፋኑም ውስጥ ገብተው የክሮሚየሙን መሹለኪያ ስለሚያጠቡ ሽፋኑ ቀስ ብሎ፣ ስስ ሆኖ ያድጋል። የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ አሥረኛ እጅ አይበልጥም። እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ሲበዛ ብረቱ ውስጥ አልሟሟ ብሎ ይቋጠርና ቀድሞ የሚቃጠለው ራሱ ይሆናል። የጄት ሞተር ምላጮች የሚቀቡት መከላከያ ውስጥም ኢትሪየም የሚገባው ለዚሁ ነው።

«ልቀጥልህ ልጄ? በርካሽ ይሆንልሃል» አሉኝ። የተበጠሰበትን ጫፍ ትቼ ራቅ ያለውን ፋቅ አደረግሁት። እሱም ተፈረፈረ።

«ይቅር ጋሼ፣ አዲስ ይግባበት» አልኳቸው።