ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል?

የሰሜን ሸዋዋ ደብረ ብርሃን ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በተለይም ከጥቅምት ጀምሮ፣ ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል። ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ ማሳው ላይ ውርጭ ይጥላል፤ ያልደረሰ ባቄላና ገብስም ይመታል። ስለዚህ የአካባቢው ልጅ ከዜሮ በታች ያለውን ነገር ከጥቁር ሰሌዳው በፊት በአባቱ ማሳ ላይ ያውቀዋል።

በክፍል ውስጥ ግን የነጌቲቭ ቁጥሮችን ብዜት አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው በቃል ነው፦ ምልክታቸው ከተመሳሰለ ፖዘቲቭ፣ ከተለያየ ነጌቲቭ። ሕጉ ትክክል ነው። ምክንያቱ ካልተነገረው ግን ተማሪው ያለ ቦታው ይጠቀምበታል፤ -2 እና -3 ደምር ሲባል 5 ብሎ ይጽፋል። መልሱ -5 ነው። የ2 ሺህ ብር እዳ ያለበት ሰው ሌላ 3 ሺህ ቢበደር እዳው 5 ሺህ ይሆናል እንጂ ባለጠጋ አይሆንም። ሕጉ የማባዛት እንጂ የመደመር አይደለም።

ምክንያቱን ከዚያው ከውርጩ ሌሊት ማግኘት ይቻላል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ ዜሮ ዲግሪ ያሳያል፣ ሙቀቱም በየሰዓቱ 2 ዲግሪ ይቀንሳል እንበል። (አየሩ በእርግጥ እንዲህ እኩል እየተመጠነ አይቀዘቅዝም፤ ለስሌት እንዲመች ነው።) የሙቀቱ መቀነስ -2 ተብሎ ይጻፋል። ወደፊት የሚመጣው ሰዓት ፖዘቲቭ፣ ያለፈው ደግሞ ነጌቲቭ ነው።

ከ2 ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ 2 × (-2) = -4 ይሆናል፤ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ። ከ3 ሰዓት በፊትስ? ሙቀቱ እየቀነሰ መጥቶ ዜሮ ከደረሰ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከዚህ የበለጠ ሞቃት ነበር፤ ከዜሮ በላይ 6 ዲግሪ። በቁጥር ሲጻፍ (-3) × (-2) = +6 ነው። እየቀዘቀዘ የመጣ ነገር ወደኋላ ሲታይ ሞቃት ሆኖ ይገኛል።

የአንኮበር መንገደኛም ይህንኑ በእግሩ ያውቀዋል። ከፍታ በ1 ኪሎ ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ይህ -6.5 ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አፋር ቆላ 2 ኪሎ ሜትር ከፍታ የወረደ ሰው ለውጡን (-2) × (-6.5) ብሎ ቢያሰላ +13 ያገኛል። ጋቢውን የሚያስወልቀው ይኸው ነው።

ሕጉ ጥንታዊ ነው። ሕንዳዊው የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ በ628 ፖዘቲቭን ሀብት፣ ነጌቲቭን እዳ ብሎ እየጠራ የማባዛቱን ሥርዓት ጽፎታል።

ምሳሌ የማያረካው ተማሪ ደግሞ በስሌት ሊያረጋግጠው ይችላል። 3 እና -3 ሲደመሩ ዜሮ ናቸው፤ ዜሮ በ-2 ቢባዛም ዜሮ ነው። እያንዳንዳቸው ለብቻ ተባዝተው ቢደመሩም ውጤቱ ያው ዜሮ መሆን አለበት። 3 × (-2) = -6 መሆኑ አያከራክርም። እንግዲህ -6ን ወደ ዜሮ የሚመልሰው +6 ብቻ ስለሆነ (-3) × (-2) ከ+6 በቀር ሌላ መልስ ሊኖረው አይችልም። በዚህ ላይ አንድ ነጌቲቭ ቢጨመር፣ ለምሳሌ ውጤቱ በ-1 ቢባዛ፣ ተመልሶ -6 ይሆናል።