ከማጂ ተራራ የመጡ የልጆች መጻሕፍት

ለልጆች የምትጽፍ ደራሲ ጽሑፏን ከየት ታመጣዋለች? ከተማሪ ቤት ነው ወይስ በልጅነቷ ካየችውና ከሰማችው? የጄን ከርትዝን ሕይወት የተመለከተ ሰው መልሱን እዚሁ አገራችን፣ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ያገኘዋል።

ጄን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1952 በአሜሪካ ኦሪገን ተወለደች። ሁለት ዓመቷ ሳለ ወላጆቿ ለሚስዮን ሥራ ወደ ኢትዮጵያ ይዘዋት መጡና ማጂ ላይ አደገች። ማጂ ደጋ፣ ተራራማ አገር ነው። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ እሷና እህቶቿ ጨዋታውንም ታሪኩንም ራሳቸው ይፈጥሩ ነበር። ፊደል ያስቆጠረቻቸው እናታቸው ናት። ኋላ ጄን አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች።

ለኮሌጅ ወደ አሜሪካ ስትመለስ ግን ችግር ገጠማት። እዚያ ያሉ ሰዎች አፍሪካን የሚያውቁት በታርዛን ፊልም ነው። የማጂን ጭጋግና ገደል፣ የማጂን ሰው እንዴት ብላ ታስረዳቸው? ዝም አለች። ስለ ልጅነቷ አገር መናገሪያ መንገድ እስክታገኝ ከሃያ ዓመት በላይ እንደ ፈጀባት ራሷ ተናግራለች። ያደገበትን አገር በሆዱ የቀበረ ሰው ምኑን ይጽፋል?

አፏን የፈታላት ተረት ነው። በ1994 «እሳት በተራራው ላይ» የሚል የልጆች መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አወጣች። ተረቱን እናንተም ታውቁታላችሁ። እረኛው አለማየሁ ቀጭን ሸማ ብቻ ለብሶ ውርጭ ባለበት ተራራ ላይ ሊያድር ከሀብታም ጌታው ጋር ይወራረዳል። ሌሊቱን በሩቅ የሚታየውን እሳት እያየ፣ እሱን እየሞቀ ያለ እያስመሰለ ያነጋል። ጌታው ግን «እሳት አይተሃል፣ ስለዚህ ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል። ታዲያ እህቱና ሌሎቹ አሽከሮች ምን አደረጉ? ድግስ ደግሰው ለጌታው ሽታውን ብቻ አሸተቱት! እሳት ማየት ካሞቀ፣ ወጥ ማሽተትም ያጠግባል ማለታቸው ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የእንጀራ እናቷን ልብ ለማግኘት ከአንበሳ ጭራ ጠጉር ልትነቅል የሄደችውን የአልማዝን ተረት አሳተመች። ከወንድሟ ከክሪስቶፈር ጋር ስለ አዲስ አበባ ልጅና ስለ እርግቦቹም ጽፋለች። በ1997 የምትኖርበት የግራንድ ፎርክስ ከተማ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ያንንም የልጆች መጽሐፍ አደረገችው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የእኛ ተረት በእንግሊዝኛ ተጽፎ የአሜሪካ ልጅ ሲያነበው፣ የባለቤቶቹ ልጆችስ? ንፋስ ስልክ ላፍቶን ተመልከቱ። ትናንት የእርሻ ማሳ የነበረው የጀሞ ሜዳ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያድግ ልጅ ምድጃ ዳር ቁጭ ብሎ ከአያቱ አይሰማም። አያቱ ገጠር ናቸው፣ አባትና እናት ሥራ ውለው የሚገቡት ሲመሽ ነው። ያ ልጅ ወይ መጽሐፍ ያገኛል፣ ወይ ተረቱን ሳያውቀው ያድጋል።

ይህ ያንገበገባቸው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳሉ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልጉ አጡ። ከጄን ጋር ተጻጻፉ፣ ተባበሩም። ዮሐንስ ስለ ሞኙ ማሞ የሚናገረውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈው አሳተሙ። አገር ቤት ተመልሰውም በ2003 ሾላ ሰፈር፣ በሚኖሩበት ቤት ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እየተጫነ ወደ ልጆች ሄደ። (አህያ እህል ብቻ ነው የምትጭን ያለ ማነው?)

ጄንም በእንግሊዝኛው ብቻ አልቆመችም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከሌሎች ጋር ሆና አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ከእንግሊዝኛ ጎን የተጻፈባቸው ትንንሽ መጻሕፍት ታዘጋጃለች። በአንድ ገጽ ጥቂት ቃል፣ ከጎኑ ሥዕል ነው። ፊደል ገና የቆጠረች እናት ከልጇ ጋር ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ልትዘልቀው ትችላለች።