ከራስ ደጀን በላይ የሚወጣው መንገድ

«አባዬ፣ ራሴን አመመኝ» አለች የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ። መኪናችን ጠመዝማዛውን መንገድ እየዞረ ይወጣል። በፓኪስታንና በቻይና ድንበር ላይ ወዳለው የኹንጀራብ በር ለመድረስ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይቀሩናል። «ትንሽ ቻይ፣ ደረስን» አልኳት። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

የምንኖረው ዱባይ ነው። ለዚህ ጉዞ ልቤን ያነሳሳው አብሮኝ የሚሠራ የሁንዛ ሰው ነው። ባለቤቴ «ልጅ ይዞ እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ?» ብላ ስታመነታ፣ «እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ጣርማ በርን ስንቴ ያለፍኩ! ደገኛ ዳገት አይፈራም» ብዬ ዝም አሰኘኋት። ልጄ ግን የተወለደችውም ያደገችውም ባሕር ዳርቻ መሆኑን ረስቼ ነበር። ሾፌራችን ሁንዛ ሁለት ሌሊት እንድናድር ቢመክረንም፣ የዕረፍት ቀኔ እንዳያልቅ ብዬ ከጊልጊት በአንድ ቀን እንድንወጣ አደረግሁ።

የካራኮረም አውራ ጎዳና በቀላሉ የተሠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 እስኪጠናቀቅ ድረስ ከ800 በላይ ፓኪስታናውያንና 200 ገደማ ቻይናውያን ሠራተኞች ሕይወታቸውን እንዳጡበት ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2010 አታባድ ላይ ተራራ ተንዶ የሁንዛን ወንዝ ሲዘጋ ደግሞ መንገዱ በሐይቅ ተዋጠ። ዋሻዎቹ በ2015 እስኪከፈቱ ድረስ ሰውም ዕቃም በጀልባ ይሻገር ነበር። አሁን ሰማያዊውን ውኃ በመስኮት እያዩ ያልፋሉ።

የመጨረሻዋ ከተማ ሱስት ከፍታዋ ከደብረ ብርሃን ጋር ይቀራረባል። ከዚያ እስከ በሩ ሁለት ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን 1900 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ኹንጀራብ 4693 ሜትር ላይ ስለሚገኝ ከራስ ደጀን አናት ይበልጣል። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው 60 በመቶ አይሞላም።

ልጄ አስመለሳት። ከንፈሯ ገርጥቶ እናቷ ጭን ላይ ተዘረጋች። እኔ አሁንም «ትንሽ ብቻ ነው የቀረን» እያልኩ ነበር። ሾፌሩ መኪናውን አቆመና ዞሮ አየኝ። «ወንድሜ፣ በሩ የትም አይሄድም» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ መሪውን አዞረ። ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ዝምታዋ ግን ከስድብ ይከብድ ነበር።

ሱስት ስንደርስ ልጄ ቀና ብላ «ራበኝ» አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቃል ያስደሰተኝ የለም።

ወላጆች፣ ከእኔ ስህተት ተማሩ። ደገኛ ነኝ ማለት ዋስትና አይሆንም፤ ቆላ የከረመ ሰውነት ከፍታን ይረሳል። ከ3000 ሜትር በላይ ስትወጡ የማደሪያችሁ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ልጅ ራሱን አሞት ካስመለሰው ሽቅብ መቀጠል አይገባም፤ ካልተሻለው መውረድ ነው። ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከተንገዳገደ ወይም ከቃዠ ደግሞ ሳትዘገዩ ውረዱ፤ ሐኪም ፈልጉ።

በማግስቱ ሾፌሩ «ብቻህን ልውሰድህ?» አለኝ። አልሄድኩም። ሁንዛ ተቀምጠን ከልጄ ጋር አፕሪኮት ስንበላ ዋልን።